ሰባት ደረጃና የፕላን ደብተር

ባሌ አናጺ ነው፤ ሰፈሩ ግን «ፕላን» እያለ ነው የሚጠራው። ስም ያለ ምክንያት አይወጣም። ደብተሩ ውስጥ የሚታጠፍ አልጋ፣ ሲገለበጥ ጠረጴዛ የሚሆን ቁም ሳጥን፣ ምን የሌለ ነገር አለ! ቤታችን ውስጥ ግን አንዳቸውም የሉም፤ የወጥ ቤቱ በር እንኳ ሦስት ዓመት ሙሉ በገመድ ነው የሚታሰረው።

እናቱ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ ሴት ልጃቸው ዘንድ ሁለት ወር ተኙ። ቅዳሜ ወደ እኛ ሊመለሱ ነው። መግቢያችን ሰባት ደረጃ አለው፤ የእጅ መያዣ ግን የለውም። እማማ ቁርጡን ተናግረዋል፤ እንደ ጆንያ ተሸክመን የምናስገባቸው ከሆነ እዚያው ይቀራሉ። ቀልድ አልነበረም። እኔም ያለ እሳቸው ቤቱ ጭር ብሎብኛል።

ፕላን ሰኞ ዕለት መያዣ ነደፈ። ማክሰኞ ይሄማ ማንም የሚሠራው ነው ብሎ ናቀውና በገመድ የሚሳብ ወንበር ነደፈ። ረቡዕ ወንበሩ ጎማ አወጣ። ግሩም ሐሳብ ነበር፣ አልዋሽም። ሐሙስ ጠዋት ግን መጋዙ ከተሰቀለበት አልወረደም። ወሬ ቢበዛ በአህያ አይጫንም የሚሉት ለእሱ ሳይሆን አይቀርም። ደሜ ፈላ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሳልለካ አልቆርጥም፤ ከለካሁ ደግሞ ሳልቆርጥ አላድርም። ይሄ ሰውዬ ደረጃውን ሦስቴ ሲለካ እናቱን አንዴም አልለካም። ሜትሬን ይዤ እህቱ ቤት ሄድኩና እማማን ቀሚስ እንደሚሰፋላቸው አቁሜ ከወለሉ እስከ እጅ አንጓቸው ለካሁ። ተመልሼም ለወንበሩ ያስቀመጠው እንጨት ላይ በጠመኔ አሰመርኩ።

«ይሄማ በጣም ዝቅ ይላል» አለ።

«ልኩ የእናትህ ነው። ሐሳብህ ጥሩ ነው፤ ግን እማማ ሐሳብ ተደግፈው አይወጡም።»

የጠመኔውን መስመር በጣቱ ዳሰሰ። ከዚያ መጋዙን አወረደ። ከጀመረማ እጁ ወርቅ ነው፤ ዓርብ ከሰዓት እንጨቱን በብርጭቆ ወረቀት እያለሰለሰ ነበር።

ቅዳሜ እማማ መያዣውን ጨብጠው መውጣት ጀመሩ። አራተኛው ላይ ቆሙ፤ እኔም ትንፋሼን ያዝኩ። ሰባተኛውን ሲረግጡ እፎይ አልኩ። እንጨቱን በመዳፋቸው እያሻሹ ማን እንደሠራው ጠየቁኝ።

«ልጅዎ ነው» አልኳቸው።

ዞረው አዩት፤ ከዚያ ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ።

«ጨረሰው?» አሉ።

ከሁላችንም ቀድሞ የሳቀው ፕላን ነው።