ወገቤ ላይ የታሰረው በቆሎ

ጋምቤላ ከተማ ውስጥ የዘርና የጸረ ተባይ መድኃኒት መሸጫ አለኝ። ሥራዬ ግን ሱቅ ተቀምጦ ደንበኛ መጠበቅ ብቻ አይደለም፤ በወር ሁለት ሦስቴ ዘር ጭኜ አቦቦ፣ ጎግ፣ አንዳንዴም ፑኝዶ ድረስ እሄዳለሁ። አምና ከፑኝዶ ስንመለስ የተሳፈርንባትን መኪና የታጠቁ ሰዎች አስቆሟት። ስልካችንንና ቦርሳችንን ሰበሰቡ፣ ሁለቴ ወደ ሰማይ ተኮሱ፣ ጫካ ገቡ። ማንም አልተጎዳም። ፊታቸውን በጨርቅ ሸፍነው ስለነበር እነማን እንደሆኑ እስከ ዛሬ አላውቅም።

እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው አልሆንኩም። ባጃጅ ጎማው ሲፈነዳ ከመደርደሪያው ሥር እገባለሁ። የጉዞዬ ቀን ሲደርስ ሆዴን ይቆርጠኛል። መጀመሪያ ወባ ነው ብዬ ሐኪም ቤት ተመረመርኩ፤ ወባ የለም። ታይፎይድም የለም። ፍርሃት የሚባል ምርመራ ስለሌላቸው ወደ ቤቴ መለሱኝ።

ወንድሜ አቦቦ አጠገብ ገበሬ ነው። ወላጆቻችን በሰፈራው ጊዜ ከወሎ ሲመጡ እሱ በእግሩ የሚሮጥ ልጅ፣ እኔ ደግሞ እናቴ ጀርባ ላይ ነበርኩ። ምክር የጠየቅሁት እሱን ነው።

«ሽጉጥ ግዢ» አለኝ፣ ፍየል ግዢ እንደሚል ሰው። «አንዴ ወደ ላይ ካሰማሽ ይበተናሉ።»

«እነሱስ ወደ ላይ አይደል እንዴ ያሰሙት?»

«የእነሱ ሌላ ነው።»

«ምኑ ነው ሌላ?»

«ሌላ ነው አልኩሽ እኮ!»

ሌላ የሆነው ምኑ እንደሆነ ሳይገባኝ ሽጉጥ ፍለጋ ወጣሁ።

ሰዎች ወደ አንድ ጡረተኛ ሳጅን መሩኝ። የዚሁ አገር ተወላጅ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በፖሊስነት ጨርሰው አሁን ባሮ ዳር ዓሣ ያጠምዳሉ። ሁለት ፈቃድ ያላቸው ሽጉጦች አሏቸው፤ አንዱን በሕጉ ለሌላ ሰው ማዛወር ይፈልጋሉ። ሁለቱንም ፎጣ ላይ ዘርግተው አሳዩኝ። አንደኛው ጠፍጣፋ፣ ከባድ፣ ፖሊስ ወገብ ላይ የምናውቀው ዓይነት ነው። ሁለተኛው ጥይቱን በሚሽከረከር ክብ ውስጥ የሚይዝ፣ እጄ መዳፍ ላይ የሚያልቅ፣ ስድስት ጎራሽ ነው። ስድስት ጎራሽ ሲሉኝ በሆዴ፣ ቤቴ ያሉት ጎራሾች መች አነሱኝ አልኩ።

«ትልቁ ጠንካራ ነው» አሉ ሳጅን በቀስታ አማርኛቸው። «ትንሹ ለአንቺ ይሻላል። ቀላል ነው። አይራገጥም።»

«እንግዲያው ትንሹን እወስዳለሁ።»

«ግን ጥይቱ ደካማ ነው።»

«እንግዲያው ትልቁን።»

«ትልቁ ለአንቺ ከባድ ነው።»

ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። እኔ ግን አንዱም ዛፍ ላይ መውጣት አቃተኝ። ሳጅን ከመወሰንሽ በፊት ሞክሪያቸው ብለው ከፖሊስ አስፈቅደው ወደ ተኩስ መለማመጃው ሜዳ ወሰዱኝ። ዒላማችን እኔው ከሱቄ ያመጣሁት የዘር ካርቶን ነበር። መጀመሪያ ትልቁን ሰጡኝ። የላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ስቤ ማቀባበል ነበረብኝ፤ ኩንታል የማነሳ ሴት ያቺን ብረት መሳብ አቃተኝ። ሳጅን ሲያቀባብሉልኝ ተኮስኩ፤ እጄ ከትከሻዬ ተነቅሎ የሄደ መሰለኝ። ጥይቱ የት እንዳረፈ እግዜር ይወቀው፤ ካርቶኑ ግን ጤነኛ ነበር።

ትንሿን ስይዝ ነገሩ ተለወጠ። የሚቀባበል ነገር የላትም፤ ምላጩን መሳብ ብቻ ነው። ድምጿም ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር የሚሰማውን ያህል ነው። ከስድስቱ አምስቱ ተተኮሱ፣ አንዷ እምቢ አለች። እንዲህ ያለች ትንሽ ጥይት ቂጧ መሐል ላይ ሳይሆን ጠርዟ ላይ ስለምትመታ አንዳንዴ ታኮርፋለች አሉ ሳጅን፤ ያኔ ምላጩን ደግሞ መሳብ ነው፣ ተራው የቀጣይዋ ይሆናል። ካርቶኑ ላይ ሁለት ቀዳዳ አገኘሁ። ደስ አለኝ። አርባ አምስት ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ካርቶን በመብሳቴ እንደ ልጅ ዘለልኩ። ለምን ደስ እንዳለኝ ግን አልገባኝም።

«ሳጅን፣ ይቺ ሰው ትገድላለች?» አልኩ።

«ይገድላል።»

«ታስቆማለች?»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሱን እንጃ።»

የማታስቆም ግን የምትገድል! እኔ የፈለግሁት ግልባጩን ነበር፤ የሚያስቆም፣ የማይገድል። እንዲያ ዓይነት አለ ወይ ብዬ ስጠይቃቸው፣ «አለ፣ ፖሊስ» ብለው ሳቁ። ጨዋታው በዚህ አላበቃም። ትንሿ ለልምምድ ትመረጣለች የሚባለው ጥይቷ የትም ይገኛል ተብሎ ነው፤ እዚህ እኛ ዘንድ ግን ጭራሽ የሚያውቃት የለም። የሚገኘው የትልቁ ነው፣ ትልቁን ደግሞ እኔ አልችለውም። እርስዎ ቢሆኑ የትኛውን ይወስዳሉ ብላቸው፣ «እኔ? እኔ አሁን መረብ ነው የምፈልገው» አሉኝ። ከሜዳው ስመለስ ከሄድኩበት ጊዜ ይበልጥ ግራ ገብቶኝ ነበር።

ማመልከቻዬን አስገባሁ። ፈቃዱ እስኪወጣ ሽጉጥ ወገቤ ላይ እንዳይታይ ሳጅን አጥብቀው አስጠነቀቁኝ። ነገር ግን በዚህ ሙቀት፣ በዚህ ስስ ቀሚስ፣ ብረት ደብቆ መዋል ይቻል እንደሆነ አስቀድሜ ማወቅ ነበረብኝ። ቦርሳ ውስጥ አይሆንም፤ ቀማኛ መጀመሪያ የሚወስደው ቦርሳ ነው። ካፖርት ልልበስ ብል ጋምቤላ ውስጥ በሚያዝያ ካፖርት የለበሰ ሰው ወይ ወባ ይዞታል ወይ ታጥቋል። ሳጅን አንድ ዘዴ ነገሩኝ። «የሽጉጡን ክብደት የሚያህል ነገር እሰሪ። ሳምንት ዋይበት። ከዚያ ወስኚ።»

ዘር ሻጭ ክብደት አይቸግራትም። ሱቄ ሚዛን ላይ የበቆሎ ዘር መዝኜ ሁለት የጨርቅ ከረጢት ሰፋሁ፦ አንዱ ኪሎ ሊሞላ ጥቂት የቀረው፣ አንዱ ግማሽ ኪሎ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ትልቁን በመቀነት ከቀሚሴ ሥር አሰርኩት። እየተንሸራተተ ሆዴ ላይ ይመጣል። አንዲት ደንበኛዬ «ስንት ወርሽ ነው?» ብላ እንኳን ደስ ያለሽ አለችኝ። በአራተኛው ቀን ወደ ግማሽ ኪሎው ዞርኩ። እሱ ጎኔ ላይ ቁጭ አለ፤ ከቀትር በኋላ መኖሩንም ረሳሁት።

ከዚያ የሆነውን ለሰው ስናገር ማንም አያምነኝም። ግማሽ ኪሎ በቆሎ ታጥቄ ድምፄ ወፈረ። ዱቤ ለሚጠይቁኝ ፊት ለፊት «የለም» ማለት ጀመርኩ። ባጃጅ ጎማው ሲፈነዳ ከቆምኩበት አልነቃነቅሁም። በሳምንቱ መጨረሻ ከረጢቷን እንዳሰርኩ ወደ አቦቦ ሄድኩ፤ ሆዴ አልቆረጠኝም። የአልዌሮ ግድብ ውኃ የሚጠጣውን የሩዝ ማሳ በመስኮት ሳይ ያንጎራጎርኩ ይመስለኛል። ዘሩን አራግፌ ስመለስ ነው ነገሩ የመጣብኝ። ያዳነኝ ምንድን ነው? ሽጉጥ የለኝም። ያለኝ በቆሎ ነው። በበቆሎ የሚድን ከሆነ ፍርሃቴ ምን ዓይነት ፍርሃት ነበር? ወይስ ስታጠቅ የምድን ዓይነት ሰው ሆኜ ተገኘሁ? ይህ ሁለተኛው ሐሳብ አስፈራኝ።

እሑድ ረፋዱ ላይ ጓደኛዬ ከቸርች ወጥታ ዓሣ ይዛ መጣች። ጓደኛዬ ስል ቃሉ ያንስባታል። አኙዋክ ናት፤ ከሰፈራ መንደራችን ማዶ ተወልዳ ከእኔ ጋር አደገች፤ አሁን ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ትሠራለች። እንጀራ ሲጠፋ ወላጆቼን ዓሣ መብላት ያስተማረች እናቷ ናት። ደገኛውና የአገሩ ተወላጅ በተጋጨበት በአንድ ክፉ ሰሞን እኔን አራት ቀን ጓዳዋ ውስጥ ሸሽጋ በር ላይ ለመጡ ሰዎች «ማንም የለም» ያለችው እሷ ናት። በሌላ ክፉ ሰሞን ደግሞ እሷ እኔ ቤት ተሸሸገች። በጣም ረጅም ናት፤ ስንገናኝ ከልጅነታችን ጀምሮ ወገቤን ይዛ ከመሬት ታነሳኛለች። የዚያን ቀንም ልታነሳኝ ስትይዘኝ እጇ ከረጢቷ ላይ አረፈ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«በቆሎ።»

ሳቀች። «ሱቁ ሞላ እንዴ?»

ፈትቼ አሳየኋት። አብረን ሳቅን። የወገብ ሕመም መድኃኒት ነው ብላት ታምነኝ ነበር፤ እዚያ ላይ ባበቃ ምን ነበረበት! ግን እሷን ዋሽቼ አላውቅም። የመንገዱን ነገር ታውቃለች፤ የሳጅንን ሁለት ሽጉጦች፣ ካርቶኑን፣ ሚዛኑን አንድ በአንድ ነገርኳት። ከረጢቷን በመዳፏ ይዛ ከፍ ዝቅ አደረገቻት።

«ጥሩ ነው» አለች። «መንገዱ መጥፎ ነው። እኔም እፈራለሁ።» ከረጢቷን በጣቷ ጫን አደረገቻት። «ማንን ነው የምትመቺው?»

«ማንንም። የሚያስቆመኝን።»

«እሱ ማን ነው?»

«አላውቀውማ። ፊታቸው ተሸፍኖ ነበር አላልኩሽም?»

«እሺ። ጨርቁን ብታነሺው፣ ያ ሰውዬ እኔን ይመስላል?»

አይመስልም ልላት ነበር። ቃሉ አፌ ውስጥ ነበር። ነገር ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ያንን ጨርቅ በሐሳቤ ስንት ጊዜ እንዳነሳሁት ያን ጊዜ ገባኝ። አንድ ቀን እንኳ ከሥሩ የወንድሜን ዓይነት ፊት አላገኘሁም። ማን መረጠልኝ? መቼ መረጥኩ? ጨርቁን ያላነሳሁ ሴት፣ ከጨርቁ ሥር ያለውን በምን አወቅሁ? አራት ቀን የደበቀችኝ ሴት ፊት ቆሜ ይህን ሳሰላ ጊዜው ሄደ።

«አይመስልም» አልኳት። ዘግይቼ ነበር፤ መዘግየቴን ሁለታችንም ሰማነው።

አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ከረጢቷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ ዓሣውን አብረን አጸዳን፣ በላን፣ ስለ ልጄ ትምህርት ጠየቀችኝ፣ ሄደች። እኔ ያን ቀን አለቀስኩ።

ፈቃዱ ወጥቷል ተብያለሁ፤ ሄጄ አልወሰድኩትም። አልወስድም ብዬም አልቆረጥኩም። ሳጅን በጠየቁኝ ቁጥር በሚቀጥለው ሳምንት እላቸዋለሁ። መንገዱ ያው መንገድ ነው፤ ሆዴም ቁርጠቱን ቀጥሏል። በቆሎውን ግን ፈትቼ ከዘሩ ጋር ቀላቅዬዋለሁ፤ ጓደኛዬ ፊት ነው የቀላቀልኩት፤ አይታለች።

አሁንም እሑድ እሑድ ትመጣለች። አሁንም ታቅፈኛለች። ከመሬት ከማንሳቷ በፊት ግን እጇ በወገቤ ዙሪያ ቀስ ብሎ ያልፋል። ይህን ማድረጓን የምታውቀው አይመስለኝም። እኔም እንዳይቸግራት ክንዶቼን ትንሽ ከፍ አደርግላታለሁ።