ቁልቁል ቆጠራ

ስለ ጠፈር ለማስተማር ከደብረ ብርሃን ክረምት የባሰ ጊዜ የለም። ይህን ለርዕሰ መምህራችን በግልጽ ነግሬው ነበር። «ሰማዩ በማይታይበት ወር ስለ ሰማይ ምን ብዬ ላውራ?» አልኩት። እሱ የክረምቱን የልጆች ውሎ መርሐ ግብር አስቀድሞ ጨርሶ ስለነበር ሳቀብኝ። «የፊዚክስ መምህሯ አንቺ ነሽ» ብሎኝ ሄደ። እኔ ቶሎ የምቆጣ ሰው ነኝ። ጥቂት ቀን ሰላምታ ነፈግኩት፤ ከዚያ የፕላስቲክ ጠርሙስ መሰብሰብ ጀመርኩ።

በመጀመሪያ በራችን ላይ የተለጠፈው ወረቀት «የልጆች የክረምት ካምፕ» ይል ነበር። ያስቀየርኩት እኔ ነኝ። ዛሬ በከተማችን ካምፕ ሲባል ሰው የሚያስበው ከወለጋ ተፈናቅለው የመጡት ገበሬዎች የሚኖሩበትን የሸራ ድንኳን ነው። ከልጆቻችን ሲሶ ያህሉ የሚመጡት ከዚያ ነበር። ጠዋት ከካምፕ የወጣን ልጅ ካምፕ ግባ ማለት ደግ አልመሰለኝም። «የክረምት ውሎ» ተባለና ቀረ።

መጀመሪያ ሜዳው ላይ ፀሐይንና ፕላኔቶችን ሠራን። ሁሉም ፀሐይ ልሁን አለ፤ ፀሐይ መሐል ትቆማለች እንጂ አትሮጥማ። ዕጣ የወጣለት ልጅ ቢጫ የዝናብ ልብስ ለብሶ ቆመ። ፕላኔቶቹ በሩጫ ላባቸው ጠብ ሲል፣ ፀሐያችን በብርድ ጥርሱ ይንገጫገጭ ነበር። ከዚያ ወዲያ ፀሐይ መሆን የሚፈልግ ጠፋ። ቡሄ ሲቃረብ ደግሞ ወንዶቹ ጅራፍ ይዘው መምጣት ጀመሩ። መከልከል ቢያቅተኝ ትምህርት አደረግኩት፤ የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። ጅራፍ የሚጮኸው ጫፉ ከድምፅ ፈጥኖ ስለሚሄድ ነው አልኳቸው። አላመኑኝም። ጥሩ ስለተገመደ ነው አሉ።

ሮኬት መሥራት ላይ ስንደርስ አንዲት የአስር ዓመት ልጅ ሁሉንም በለጠች። ከካምፕ ከሚመጡት አንዷ ናት። ነገሩ ቀላል ነው፤ ጠርሙሱ እስከ ሩቡ ውሃ ይሞላል፣ በብስክሌት መንፊያ አየር ይነፋበታል፣ ከዚያ ማገጃው የታሰረበት ሲባጎ ሲሳብ ወደ ላይ ይስፈነጠራል። የእሷ ከሁሉም ከፍ ብሎ ወጣ። ስለዚህ ልጆቹ ራሳቸው መረጧት፤ በመዝጊያው ቀን ወላጆች ፊት ከአስር ቁልቁል ቆጥራ የመጀመሪያውን ሮኬት የምትለቀው እሷ ሆነች። ደስታዋን መደበቅ አልቻለችበትም። ቀኑን ሙሉ ጠርሙሷን ታቅፋ ዋለች።

ልምምድ ላይ «አስር፣ ዘጠኝ፣ ስምንት» አለችና «ቶርባ» ብላ ቀጠለች፤ «ጀሃ፣ ሸን...»። አንደኛ ክፍል የገባችው ወለጋ ሳሉ በኦሮምኛ ነበር። ቁልቁል መቁጠርን መምህሯ በዜማ አስተምረዋት ኖሮ፣ ስትደነግጥ የሚቀድማት ያ ዜማ ነው። ልጆቹ ሳቁ። ክፋት አልነበራቸውም፤ ቢሆንም ሳቅ ሳቅ ነው። ሲባጎውን መሬት ላይ ጥላ ሄደች።

በማግስቱ እናቷ መጣች፤ ሻሿን እስከ ቅንድቧ ያወረደች፣ ድምፅዋ የማይሰማ ሴት።

«እትዬ፣ ሌላ ልጅ ይልቀቀው» አለችኝ።

«ለምን?»

«ሰው ፊት ያ ቋንቋ ቢያመልጣት ምን ይሉናል? እዚያው ይቅር ብያታለሁ። እኛም ቤት ውስጥ አናነሣውም።»

ቋንቋ ምን አጠፋ ልላት ነበር። ግን እሷ ያየችውን እኔ አላየሁም።

«ልጅቷስ ምን አለች?»

«ስታለቅስ አደረች።»

«እንግዲያው ነይና አጠገቧ ቁሚላት፣ እህቴ። በአማርኛ አለማምዳታለሁ።»

«ኢንሻአላህ» ብላኝ ሄደች። እሺም እምቢም መሆኑ አልገባኝም። ልጅቷን ግን በየምሳ ሰዓቱ አስቀምጬ አስቆጠርኳት፤ እየዋለ እያደረ ሳትሳሳት ትወርደው ጀመር።

መዝጊያው ከቡሄ ማግስት ሆነ። ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት ይባላል፤ የእኛ ከተማ ይህን የሰማች አትመስልም። ጉሙ የቢሮውን ቆርቆሮ ሸፍኖታል። ወላጆች ጋቢያቸውን ደርበው ቆመዋል፣ ርዕሰ መምህሩ ሱፍ ለብሶ ከፊት ተቀምጧል። እናትየው መጥታለች፤ ግን አጥሩ ሥር ነው የቆመችው።

ልጅቷ ሲባጎውን ያዘች። «አስር፣ ዘጠኝ፣ ስምንት፣ ሰባት።» ሰባትን ስታልፍ ተነፈስኩ። «ስድስት» አለችና ቆመች።

ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለም። ምን ሊያመልጣት እንደሆነ አውቃ እያፈነችው ነበር። ከጠርሙሱ ሥር አየሩ መውጣት ጀምሯል፤ ትንሽ ከቆየ ሮኬቱ ከመሬት አይነሣም። እኔም እንደ ሞኝ ደርቄ ቀረሁ።

«ሸን በይ፣ ልጄ።»

ሁሉም ዞረ። እናትየው ከአጥሩ ሥር ወጥታ በሰው መሐል ትመጣለች። ሻሿ ወደ ኋላ ሸሽቶ ፊቷን ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

«ሸን» አለች ልጅቷ። «አፉር፣ ሰዲ፣ ለማ...» ቶኮን እናትና ልጅ አብረው አሉት። ሲባጎው ተሳበ፣ የርዕሰ መምህሩ ሱፍ በውሃ ራሰ፣ ጠርሙሱም ጉሙ ውስጥ ገባ። ሲወርድ ማንም አላየውም፤ ብቻ የሆነ ቦታ ቆርቆሮ ላይ ሲወድቅ ሰማን። የሳቀ ሰው አልነበረም። እኔ አለቀስኩ።

ቀጣዩ ተረኛ ያ ፀሐይ ሆኖ በብርድ የተንገጫገጨው ልጅ ነበር። ሲባጎውን ይዞ መቁጠር ሲገባው ወደ ልጅቷ ዞረ።

«አስር በዚያኛው ምንድን ነው?»

«ኩዳን።»

«ኩዳን» አለ ጮክ ብሎ፣ የቀረውንም ከአፏ እየተቀበለ ቀጠለ። ስምንት ላይ ሲደርስ ተሳሳተ። ቤት ውስጥ እንኳ አናነሣውም ያለችኝ ሴት አጠገቡ ጎንበስ አለች።

«ሰዲ ሦስት ነው፣ አባቴ» አለችው። «ስምንት ሰዴት ነው። በል እንደገና ጀምር።»