የአባቴ ደጋን በቴፕ ውስጥ

ደጋኑ ከአልጋዬ በላይ ተሰቅሏል። ልጄ ትዕግሥት ጠዋት ወደ ሥራ ስትሄድ የግቢውን በር ከውጭ ትቆልፋለች። ባለፈው ክረምት ገበያ ደርሼ ስመለስ ጎረቤቶች «ቤቱ ጠፍቶት ነበር» ብለዋት ነው። ቤቱ አልጠፋኝም፤ ደብረ ብርሃን ናት መንገዷን የምትለዋውጠው። ብቻ ቁልፉ ቀጭ ሲል ዓይኔ ወደ ደጋኑ ይሄዳል፤ ልጅ ሳለሁ አንኮበር አጠገብ ጎረቤላ ውስጥ የተቆለፈብኝ ሌላ በር ትዝ ይለኛል።

አባቴ ባና የሚባለውን የበግ ፀጉር ብርድ ልብስ የሚሠራ ሸማኔ ነበር። የበግ ፀጉር ከመፈተሉ በፊት በደጋን ይነደፋል። ደጋን ጅማት የተወጠረበት ቀስት መሳይ እንጨት ነው፤ ጅማቱን ፀጉሩ ላይ አስጠግተው ሲመቱት ፀጉሩ እንደ ጉም ይበተናል። ድም፣ ድም፣ ድም። ያደግሁት በዚያ ድምፅ ነው። ልብሳችንም መኝታችንም እርጥብ በግ በግ ይሸት ነበር።

አጎቴ ሽፈራው የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። በገበያ ዋዜማ እኛ ቤት ያድርና በማግሥቱ ወደ ደብረ ብርሃን ይመለሳል። በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ቴፕ ነበረው። ከካሴቶቹ አንዱ የድሮ የፈረንጅ ሮክ ነበር፤ ጊታሩ ይሻክራል፣ ከበሮው የአንኮበርን ዳገት እንደሚወጣ መኪና ያጓራል። ከቃሉ አንድም አልገባኝም፤ አመታቱ ግን ወዲያው እጄ ገባ። ማንም አላስተማረኝም። ከዘይት ቆርቆሮና ከብስክሌት ፍሬን ሽቦ ጊታር ሠራሁ። ወፍራሙ ድምፅ ሲጎድለኝ የአባቴን ደጋን አነሳሁ፤ ስዘፍን ጊታሩን፣ ሳርፍ ደጋኑን እመታለሁ። በአገሩ ይህን ያሰበ ሌላ ሰው አልነበረም፤ ዛሬም ያለ አይመስለኝም። ግጥሙም የራሴ ነው፤ ስለ ዳገቱ፣ ስለ ጉሙና ከጉሙ ወዲያ ስላለው ከተማ።

አንድ የገበያ ዋዜማ አጎቴ ቴፑን ሰጠኝና «አንተ ልጅ፣ ነገ ከመነሳቴ በፊት ዘፈንህን ቀድተህ አሰማኝ። ካስጨፈርኸኝ ይዤህ እሄዳለሁ፤ እኔ ጋ ሆነህ ትማራለህ» አለኝ።

አባቴ እግሩን የሽመናው ጉድጓድ ውስጥ እንደዘረጋ ቀና ብሎ «ካላስጨፈረህስ?» አለው።

«ያው ካንተ ጋ ጉድጓድ ይገባላ!»

ሁሉም ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ያ ጉድጓድ እስከ ወገቤ ሲውጠኝ ታይቶኝ ነበር።

በማግሥቱ ግቢ ውስጥ ብቀዳ ቴፑ ከእኔ ይልቅ የጎረቤታችንን አህያ ወደደ። ስለዚህ የፀጉር ማስቀመጫው ክፍል ገባሁ። መስኮት የለውም፤ እስከ ጣሪያው በጆንያ ፀጉር ተሞልቷል። ፀጉር የውጭውን ጫጫታ እንደሚውጥ በራሴ ጭንቅላት ደርሼበት ነበር። ታናናሾቼ እየከፈቱ እንዳይበጠብጡኝ ታላቅ እህቴን ዘነበችን ከውጭ አስቆለፍኋት።

«ስጨርስ አንኳኳለሁ» አልኋት።

«ዝፈን፣ ጉረኛ!» አለችኝና ቆለፈችው።

ደጋግሜ ቀዳሁ። የመጨረሻው ልክ መጣ። እንደዚያ ያለ ዘፈን ከዚያ ወዲህ አልሰማሁም፣ የራሴንም ጨምሮ። ከደስታዬ ብዛት ቴፑን ሳላጠፋ በሩን አንኳኳሁ። መልስ የለም። እናቴ ዘነበችን ወፍጮ ቤት ልካት ኖሯል፤ ቁልፉም በነጠላዋ ጫፍ እንደተቋጠረ አብሯት ሄዷል።

ከዚያ ወለሉ ተንቀጠቀጠ። የአጎቴ መኪና ሞተር ተነስቷል። «ጋሼ! እዚህ ነኝ! ክፈቱልኝ!» ብዬ ጮኽሁ። ጩኸቴ ከአፌ ወጥቶ ጆንያው ላይ ሞተ። ያገኘሁት ብልሃት በራሴ ላይ ዞረብኝ። ብናኙ ጉሮሮዬን ዘጋው፤ ጨለማው የጠበበብኝ መሰለኝ። በጡጫም በክርንም መታሁ፤ በሩ የጽድ ነው፣ አይነቃነቅም።

ያኔ ነው አእምሮዬ የሠራው። ቀጭኑን ጩኸት ፀጉሩ ሲውጠው የሞተሩ ወፍራም ድምፅ ግን እኔ ድረስ መጥቷል። ደጋኑን አነሳሁና እንጨቱን በሩ ላይ አስደግፌ ጅማቱን መታሁት። ድም! ድም! ድም!

ውጭ አጎቴ «ልጁ የት ገባ? ጉሙ መንገዱን ሊዘጋብኝ ነው፤ ቴፑን አስቀምጡልኝ» ብሎ ሄዷል። አባቴ ግን ማንም ፀጉር በማይነድፍበት ሰዓት የደጋኑን ድምፅ ሰማ። በመጥረቢያ ማጠፊያውን ገንጥሎ ሲገባ መኪናው ኩርባውን አልፎ ነበር።

አልተቆጣኝም። ደጋኑን ከእጄ ወሰደና ጅማቱን ዳበሰው። «እንደዚህ ይመታል? ልትበጥሰው ነው እኮ» አለኝ። ጆንያ ላይ ተቀመጠና «በቀስታ፣ እንዲህ» እያለ መታው። የቴፑ ቀይ የመቅጃ ቁልፍ እንደተጫነ ነበር።

አጎቴ ሌላ መስመር ተመደበና ለረጅም ጊዜ ሳይመጣ ቀረ። ሲመጣ እኔ ጉድጓድ ገብቼ፣ እግሬ የሽመናውን መርገጫ ለምዶ ነበር። ዘፈኑን ሰምቶ ግን ጨፈረ፤ ትከሻው እስኪዝል ጨፈረ። አባቴ እያየው ማጉን ወረወረ።

ዛሬ ስልክ አለኝ፤ ቴፕም ድንጋይም አያስፈልገኝም። ብርድ ልብስ ተከናንቤ እዘፍናለሁ፣ ራሴ እቀዳለሁ። በዚህ ከተማ ደጋን በመምታት የሚወዳደረኝ የለም፤ ሌላ ደጋን ያለው ሰውም አላየሁም። የዚያን ቀን ካሴትም ስልኬ ላይ አስገልብጬዋለሁ። መጀመሪያ ዘፈኔ፣ ቀጥሎ ጩኸቴ፣ ቀጥሎ መጥረቢያው፣ መጨረሻ ላይ አባቴ።

ዛሬ ጠዋት ትዕግሥት እንደሄደች ደጋኑን የግቢው ብረት በር ላይ አስደግፌ መታሁት። በመንገድ የሚያልፍ ሰው ለጓደኛው «እዚህ ቤት ግንበኛ አስገብተዋል መሰለኝ» ሲል ሰማሁ። ተሳስቀው አለፉ።

ክፍሌ ተመለስሁና ካሴቱን ከስልኬ ከፈትሁ። አባቴ ሲጀምር ደጋኑን ጉልበቴ ላይ አድርጌ እከተለው ጀመርሁ። በቀስታ፣ እንዲህ።