በአረቄ የሚታሹ ልጆች

እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 1987 ነርስ ራዶይካ የማእድ ቤቷን ግድግዳ ኖራ ቀብታ ሳትጨርስ ሞተች። ልቧ ነው የከዳት። መንደርተኛው ግን «ቁጣዋ ገደላት» ይላል። ያስቆጧት እነሱ፣ ፈራጆቹም እነሱው!

ከቫልዬቮ ከተማ በላይ ባሉት የሰርቢያ ኮረብታዎች ጥቅምት የፕሪም አረቄ የሚወጣበት ወር ነው። ሕፃን ሲያተኩሰው አያት ካልሲውን አረቄ ውስጥ ትነክራለች፣ ደረቱን ታሻለች፣ በራሰ ፎጣ ትጠቀልለዋለች። ልጁ ሲንቀጠቀጥ ደግሞ «የሰው ዓይን ነው» ብላ ፊቱ ላይ ጥቁር ጨርቅ ትጥላለች። ራዶይካ ዕድሜዋን ሙሉ ጮኸች፦ አረቄው በገላውም በትንፋሹም ይገባል፣ የደሙን ስኳር ያወርዳል፣ ከዚያ ይጥለዋል። የገዛ እህቷን ልጅ በዚሁ ቀብራለች።

በዚያ ሳምንት ወደ ስታሜና ቤት ተጠራች። የስታሜና የልጅ ልጅ፣ የሁለት ዓመቱ ኦግንየን፣ በጥቁር ጨርቅ ሥር ይንፈራገጣል። ክፍሉ አረቄ ቤት አረቄ ቤት ይሸታል።

«አንሺ ይሄን ጨርቅ!»

«ቀስ በይ እመቤቴ፣» አለች ስታሜና፤ «ባልማርም አምስት ልጅ አሳድጌያለሁ።»

«ስንት ቀብረሽ?»

ራዶይካ ካልሲውን ገፍፋ ወረወረችና ልጁን በጎኑ አስተኛችው። ነፍሱን አውቆ መዋጥ ሲችል የስኳር ውኃ በማንኪያ ሰጠችው።

«አረቄው እኔን መቼ ገደለኝ?» ብሎ ሳቀ የስታሜና ባል ድራጎልዩብ።

«አንተማ በርሜል ነህ! ይሄ ጨቅላ ነው!»

ልጁን ይዘው ሲወርዱ የከተማው ሐኪም «ትኩሳት ያንቀጠቅጣል» ብሎ ሸኛቸው። ትኩሳትም ያንቀጠቅጣል፣ እውነት ነው። ልጁ አረቄ አረቄ ሲሸት «ምን ቀባችሁት?» ብሎ አለመጠየቁ ነው ራዶይካን ያንገበገባት።

ሲመለሱ የልጁ እናት ቪዶሳቫ በር ላይ ያዘቻት። «እትዬ ራዶይካ፣ እኔ ቀኑን ሙሉ ፕሪም ለቀማ ነኝ። ነገ ቢያተኩሰው መልሳ ታሸዋለች። አማቴን ምን ልበላት?»

«አንቺ ምንም አትበያት።»

በሞተችበት ቀን ጠዋት ከተማ ወርዳ የትኩሳት ሽሮፕ ገዛች። ለእናቲቱ አልሰጠችም፤ ልጁ የሚውለው ከስታሜና ጋር ነውና ለእሷ ወሰደችላት። ስታሜና ቀና ብላ አላየቻትም።

«ስንት ማንኪያ ነው የሚሰጠው?» አለች በመጨረሻ።

ራዶይካ ለክታ አሳየቻት። ጠርሙሱን አስጨብጣት፣ ራሷ እስክትለካ ቆማ ጠበቀችና የማእድ ቤቷን ግድግዳ ኖራ ልትቀባ ወደ ቤቷ ሄደች።