የነቀዝ ሰባት ቤት

በቢቸና ዙሪያ ልጁን የሚድር ሰው ጠላ ከማስጠመቁ በፊት አቶ ስጦታውን ያስጠራ ነበር። ሙሽሮቹ የሥጋ ዘመዳሞች እንዳይሆኑ የሁለቱንም ወገን እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥሩት እሳቸው ናቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው «እገሌ እገሌን ወለደ» ማለት ሲጀምሩ፣ የሞተው ሁሉ ከመቃብሩ ተነሥቶ ደጃፉ ላይ የሚሰለፍ ይመስል ነበር። አሁን ወጣቱ በስልክ ተዋውቆ በስልክ ይጫጫል፤ የሚጠራቸው የለም። መጨረሻ የቆጠሩት ለገዛ ልጃቸው ለትርሲት ነው፤ ሞጣ፣ ለአቶ የኔሰው ልጅ ስትዳር።

በዚያ ጋብቻ መሐል ነቀዝ ገባ።

ከሠርጉ በኋላ አቶ የኔሰው ለዘመድነቱ አንድ ጆንያ ስንዴ ላኩ። አቶ ስጦታው ከራሳቸው ስንዴ ጋር ጎታ ውስጥ ገለበጡት። ክረምቱ ወጥቶ ጎታው ሲከፈት እህሉ ዱቄት ሆኗል፤ ነቀዙ እንደ ቅዳሜ ገበያተኛ ይርመሰመሳል።

«የሞጣ ነቀዝ ነው!» አሉ አቶ ስጦታው። «የእኔ ጎታ ነቅዞ አያውቅም። የኔሰው ይህን ሳያምን ደጁን ብረግጥ እግሬ ይሰበር!»

ባለቤታቸው ወይዘሮ ሸዋነሽ አንዱን ነቀዝ በጣታቸው አንሥተው አዩት። አስተያየታቸው ቀድሞ የሚያውቁትን ሰው እንደሚያዩ ነበር።

በዚያው ሰሞን የአቶ ስጦታው የእህት ልጅ ጸደንያ መጣች። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስለ ተባይ የምታጠና ናት፤ ከየጎታው ነቀዝ እየለቀመች በብልቃጥ ታኖራለች።

«ምን ሊሆንሽ ነው?»

«ጂኖሙን እናነባለን፣ ጋሼ። በገላው ውስጥ ያለውን የዘሩን ሙሉ ጽሑፍ። የትኛው ከየትኛው እንደሚዛመድ ይናገራል።»

«ዘር ትቆጥሩለታላችሁ ማለት ነው?»

«እንደዚያ በሉት።»

«ለሰው የቀረውን፣ ለነቀዝ!» ቅር አላቸው። ወዲያው ግን ፊታቸው በራ። «በይ ቁጠሪልኝ! የየኔሰውን ጎታ እንዳታልፊው።»

«እሺ። ጽሑፉ ግን ረጅም ነው፤ አብዛኛው አንዱን ነገር መልሶ መላልሶ የሚደግም።»

«እንግዲያስ የየኔሰው ቤት ነቀዝ መሆኑ ሳይነበብ ታወቀ።»

ከዓመት በኋላ ትርሲት ወንድ ልጅ ተገላገለች። የክርስትናው ቀን ሲደርስ፣ ድግሱ በአቶ የኔሰው ቤት ነውና መሐላው ከበደ።

«እርስዎ እዚህ እግርዎን ይጠብቁ» አሉ ወይዘሮ ሸዋነሽ ነጠላቸውን እያጣፉ። «እኔ የልጅ ልጄን ልስም።»

ጸደንያ ውጤቱን ይዛ የደረሰችው ይህን ጊዜ ነው።

«የእርስዎና የአቶ የኔሰው ነቀዝ የአንድ እናት ልጆች ያህል ይቀራረባሉ። ከሉማሜና ከግንደወይን የለቀምሁት ግን ሌላ ወገን ነው። ከአንዳችሁ ቤት ወደ ሌላው በጆንያ ሄዷል።»

«አላልሁም? ከሞጣ ወደ ቢቸና!»

«ያንን ጽሑፉ አልለየልኝም፣ ጋሼ። ማን ለማን አስቀድሞ እህል እንደላከ እናንተ ታውቃላችሁ።»

«እሱ ነዋ...» ብለው ቆሙ። ወደ ኋላ መቁጠር ልማዳቸው ነው። ከሞጣው ስንዴ በፊት ምን ነበር? ከዚያ በፊት የትርሲት ሠርግ ነበር። ሙሽሪት በአባቷ ዘር ትዝራ ብለው፣ አፉን በገዛ እጃቸው ሰፍተው ወደ ሞጣ የጫኑት የስንዴ ጆንያ ነበር።

«ያኔ ሳበጥረው ነቅዟል ብዬ ነበር» አሉ ወይዘሮ ሸዋነሽ ቀስ ብለው። «‹እንክርዳድ ነው› አሉኝ። እንክርዳድ እግር አውጥቶ ሲሄድ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።»

በማግስቱ አቶ ስጦታው ሞጣ ገቡ። ከአቶ የኔሰው ደጃፍ ሲደርሱ ግን ቀጥ ብለው ቆሙ። አቶ የኔሰው ወጡ።

«መሐላዎን ሰምቻለሁ። ነቀዙ የእኔ ነው ልበልና ይግቡ፣ ዘመዴ?»

«የለም። ቆጥሬዋለሁ። ከትርሲት ጋር አብሬ የዳርሁት እኔው ነኝ።»

«እኔማ የዚያኑ ቀን ከጆንያው ሲወርድ አይቼዋለሁ» አሉ አቶ የኔሰው። «የሙሽሪት ዘመድ መስሎኝ ዝም አልሁ።»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። መሐላ ግን መሐላ ነው፤ የኔሰው ሳያምኑ ደጁ አይረገጥም። ስለዚህ የትርሲት ባልና ወንድሙ አቶ ስጦታውን እንደ ሙሽራ ብድግ አድርገው፣ እግራቸው መሬት ሳይነካ፣ ደፉን አሻገሯቸው። ትርሲት ሕፃኑን አሳቀፈቻቸው። እሳቸውም ዓይናቸውን ጨፈኑና ከእናቱ ወገን ተነሥተው ሰባት ቤቱን ይቆጥሩለት ጀመር።