ቃሬዛ ይዘው መኪና ሊያዩ

ይህ ነገር የገጠመኝ አምና በኅዳር ነው። ዓመት አለፈው፤ ግን ዳገት ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል። እኛ አገር ደግሞ ዳገት የሌለበት የለም። ልጽፈው የተነሳሁት ደግ ስለሠራሁ እንዳይመስላችሁ። እንዲያውም ስላልሠራሁ ነው።

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ትንሽ ጋራዥ አለኝ። መካኒክነት ከጀመርኩ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ወገቤ አልቋል፤ ከመኪና ሥር ስወጣ ጉልበቴ ይንቋቋል። ከሥራዬ ሁሉ የምጠላው «እስኪ ይህችን መኪና እይልን» የሚባለውን ነው። ያገለገለ መኪና መግዛት ያሰበ ሁሉ እኔን ይዞ መሄድ ይፈልጋል። ጥሩ ናት ብለህ ከተበላሸች ገዢው ይረግምሃል። መጥፎ ናት ካልክ ሻጩ ዕድሜ ልኩን ያኮርፍሃል። በዚያ ክረምት ከሁለት ሰዎች ጋር በዚሁ ነገር ተቀያይሜ፣ ሁለተኛ ለማንም መኪና አላይም ብዬ ምዬ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ገበሬዎች ጋራዡ በር ላይ ቆሙ። ከፊት ያሉት አያ አስረሴ ይባላሉ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጠን ያሉ፣ ነጭ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ናቸው። ከቡሬ ጀርባ፣ ተራራ ላይ ያለች የአንዲት ቀበሌ የዕድር ዳኛ ናቸው። ሁለቱ ጎልማሶች ደግሞ በጆንያ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ተሸክመዋል። ምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። ገና በጠዋቱ ደክሞኝ ነበር።

«አየህ ልጄ» አሉኝ አሮጌ ጎማ ላይ አረፍ ብለው፣ «አምቡላንስ እኛ ዘንድ አይወጣም። ሹፌሮቹ ዳገቱን አይተው ከታች ይመለሳሉ። በሽተኛ የምናወርደው በትከሻችን ነው። አሁን ዕድሩ መኪና ሊገዛ ነው። ቡሬ አንዲት አግኝተናል። እይልን።»

«አያ፣ እኔ መኪና ማየት ትቻለሁ። ደክሞኛል።»

«ይድከምህ» አሉ በቀስታ። «እኛም ደክሞን ነው የመጣነው።»

የመፍቻ ሳጥኔን አነሳሁና ተከተልኳቸው። ተዘግቶ የከረመው መንገድ ከተከፈተ ገና ሳምንቱ ስለነበር ሚኒባሱ ጢም ብሎ ነው የሞላው። ያን ረጅም ጥቅል ጣሪያ ላይ አሰሩት።

ባለመኪናው አቶ ሙሉነህ የሚባል እህል ነጋዴ ነው። መጋዘኑ ግቢ ውስጥ ሸራዋን ሲገልጥ፣ እውነቴን ነው፣ ድካሜን ረሳሁት። ጥቁር፣ ግዙፍ የአሜሪካ መኪና ናት። ከፊት የቤት መኪና ናት፤ አምስት ሰው በምቾት ትይዛለች። ከኋላ ደግሞ ፒካፕ ናት። የቡሬ ሰው «ሁለት ልብ» ይላታል፤ የቤት መኪና ልሁን ወይስ የጭነት እያለች ሳትወስን ቀረች ብሎ።

ግን ያች መኪና አንድ ብልሃት አላት። የኋላ ወንበሯ ይታጠፋል። ከወንበሩ ጀርባ ያለው ግድግዳም አብሮ ይወርዳል። ያኔ ከሹፌሩ ጀርባ እስከ ኋላ መዝጊያዋ ድረስ አንድ ወጥ ወለል ይሆናል። ከላይም ክዳን ስላላት ዝናብ አይገባም።

አቶ ሙሉነህ ይህን ሲያሳይ ጎልማሶቹ ጥቅሉን ፈቱት። ቃሬዛ ነው። ሁለት የባሕር ዛፍ አጠና፣ መሐሉ በጠፍር የተወጠረ። እጀታው ከአያያዝ ብዛት የተነሳ ለስልሶ ያብለጨልጫል። በኋላ በር አስገቡት። ልክክ አለ፤ እንዲያውም ስንዝር ተረፈ።

«እሰይ!» አሉ አያ አስረሴ። «በሽተኛው ከሹፌሩ ጋር እየተጫወተ ይወርዳል በሉኛ!»

እኔ ሥራዬን ጀመርኩ። ኮፈን ከፈትኩ፣ ዘይቱን አየሁ፣ ራዲያተሩን ፈተሽኩ። ከሥር ገብቼ ሻንሲው የተበየደ እንደሆነ በእጄ ዳሰስኩ። ሞተሩ ንጹሕ ነው፤ ጭስም የለው።

አያ አስረሴ ግን የበሬ ገበያ የቆሙ ነው የመሰላቸው። «ለምን ትሸጣታለህ? ማን ነበር የሚነዳት? ስንት ጊዜ ቆማለች?» ይሉታል። አቶ ሙሉነህ ነዳጅ እንደምትጠጣ፣ መለዋወጫዋም እንደ ልብ እንደማይገኝ ሳይደብቅ ተናገረ። ይህን ስሰማ ሐቀኛ ሰው ነው አልኩ።

«ነውሯንስ?» አሉት አያ።

ለማያውቅ ልንገር። በእኛ አገር በሬ የሚሸጥ ሰው ነውሩን ይናገራል። የሚዋጋ ከሆነ ይዋጋል ይላል፤ እርሻ መሐል የሚተኛ ከሆነ ይተኛል ይላል። ደብቆ ከሸጠ በሬው ይመለስበታል፤ ስሙም አብሮ ይጠፋል።

አቶ ሙሉነህ ሳቀ። «አያ፣ ይቺ እኮ በሬ አይደለችም፤ ብረት ናት። ነውር የላትም።»

ሦስት ጊዜ ጠየቁት። ሦስቴም የለም አለ።

ከዚያ አስፋልቱ ላይ ነዳኋት። ምን ልበላችሁ፣ ትንሳፈፋለች። አንዲት ጊዜ ብቻ፣ ማርሽ ስትቀይር ዘግየት አለች። ዓይን ጨፍኖ እንደመግለጥ ያህል ነው። እኔ ግን ተሰማኝ። አውቶማቲክ ማርሽ እንዲህ ሲያደርግ ምን ማለት እንደሆነ ሠላሳ ዓመት የሠራ ሰው አይጠፋውም። እውነተኛ ጠባዩ የሚወጣው ሲሞቅ ነው፤ የሚሞቀው ደግሞ ዳገት ላይ ነው።

ሰዓቱ ስምንት ሆኗል። ምሳ አልበላሁም። ከአሥር ሰዓት በኋላ ወደ ፍኖተ ሰላም የሚመለስ ሚኒባስ የለም። ወገቤ እንደ እሳት ይለበልበኛል። «ቆማ ስለከረመች ይሆናል» አልኩ በልቤ። ተመልሼ ስወርድ፣

«ደህና ናት አያ። ግዟት» አልኳቸው።

ሁለቱ ጎልማሶች ተቃቀፉ። አያ አስረሴ ግን ጋቢያቸውን አጣፉና «አስፋልት ላይማ እኔም እሮጣለሁ። ወደ እኛ ዳገት እንውሰዳት» አሉ።

አቶ ሙሉነህ ጭቃው፣ ድንጋዩ፣ ጎማዋ እያለ ምክንያት ደረደረ። እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ አገዝኩት። «አያ፣ ሞተሯን አይቻለሁ እኮ» አልኩ። እሳቸው ወይ ፍንክች! እንዲያውም በኋላ በር ገብተው ቃሬዛው ላይ በጀርባቸው ተንጋለሉ።

«ኧረ አያ! አንቱ ከፊት ይቀመጡ እንጂ!»

«ከፊት የሚቀመጥማ ጤነኛ ነው። መኪናዋን የምንገዛው ለተኛው ነው። የተኛ ሰው ይያት። ንዳ።»

ነዳሁ። አቶ ሙሉነህ አጠገቤ ነው። ጎልማሶቹ ከኋላ ከአያ ግራና ቀኝ ቁጢጥ ብለዋል። ዳገቱን የአገሩ ሰው «ልብ አድርቅ» ይለዋል። በአንድ ወገን ተራራ፣ በሌላው ገደል። እስከ እኩሌታው ድረስ ደህና ወጣች። አንዲት ትልቅ ሾላ አለፍን። ከሾላዋ ትንሽ ከፍ እንዳልን ሞተሩ ጮኸ፤ መኪናዋ ግን አልሄደችም። ነዳጅ ስጨምር መጮህ ብቻ ሆነ። ከዚያ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች።

ፍሬን ረገጥኩ። የእጅ ፍሬን ሳብኩ። ጎልማሶቹ ዘለው ወርደው ከጎማው ሥር ድንጋይ ወሸቁ። ቆመች። የተቃጠለ ዘይት ሸተተን።

«ደረስን?» አሉ አያ አስረሴ ከኋላ፣ ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ።

አቶ ሙሉነህ ጉልበቱን እያየ «ሲሞቅ እንዲህ ያደርጋታል። ትንሽ ከቀዘቀዘች ትሄዳለች» አለ። ልጮህበት አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። እሱ ሦስት ጊዜ ተጠይቆ ዋሸ። እኔስ? ሳሩን አይቼ ገደሉን ያላየሁት በሬ እኔ ነበርኩ። ኧረ እንዲያውም የባስኩ ነኝ፤ ገደሉን አይቼ ነው ዝም ያልኩት።

አያን እናውርዳቸው ብለን የኋላውን በር ከፈትንና ቃሬዛውን እስከ እኩሌታው ሳብነው። ከማዶ ጤፍ የሚያጭዱ ሰዎች ነበሩ። ለእነሱ የታያቸው የቆመ መኪና፣ ቃሬዛ፣ ነጭ ጋቢ ለብሶ የተዘረጋ ሽማግሌ ነው። አንዲት ሴት «አያ አስረሴ ናቸው!» ብላ እሪ አለች።

ከዚያማ ጉድ ፈላ። ማጭዱን እየጣለ አገሩ ሁሉ መጣ። ሴቶቹ መቀነታቸውን እያጠበቁ ያለቅሳሉ። ወንዶቹ አንድ ቃል ሳይጠይቁ ቃሬዛውን መንጭቀው ትከሻቸው ላይ አወጡት። እኔን አንዱ ገፍትሮኝ አለፈ። አያ አስረሴ ከላይ ሆነው፣

«ኧረ ተዉኝ! አልሞትኩም! መኪና እያየሁ ነው!» ብለው ጮኹ።

ከዚያ ሳቅ ሆነ። ያች እሪ ያለችው ሴት እንባዋን በነጠላዋ እየጠረገች፣ «ምነው አያ! ሰው መኪና የሚያየው ተኝቶ ነው እንዴ? ልቤን አወረዱት እኮ!» ብላ ተቆጣች። እኔም ሳላስበው ሳቅሁ።

ሊያወርዷቸው ሲሉ ግን፣ «ቆይ» አሉ። «ከተሸከማችሁኝ አይቀር እስከ ሾላዋ አውርዱኝ። በሽተኛ እንደምናወርደው አድርጋችሁ።»

ሳቁ እዚያው ላይ ቆመ። ምን እንደተፈጠረ አልገባኝም። ከጎልማሶቹ አንዱ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና፣ «የመጨረሻ ሴት ልጃቸው ባለፈው ነሐሴ ምጥ ይዟት ስናወርዳት ሾላዋ ሥር አረፈችብን። አያ ከፊት ሆነው ተሸክመው ነበር። ነፍሷ ስትወጣ ፊቷን አላዩትም» አለኝ።

ከፊት ካሉት ተሸካሚዎች አንዱ ትከሻ ሊቀይር ሲል እጀታውን እኔ ተቀበልኩት። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ይከብዳል። ቀጭን ሽማግሌ ናቸው፤ ግን በዚያ ቁልቁለት ላይ ይከብዳሉ። እንጨቱ አጥንቴ ውስጥ የገባ መሰለኝ።

ሾላዋ ሥር ስንደርስ «አቁሙ» አሉ። ቆምን። ዞር ብዬ ላያቸው ስል «አትዙር» አሉኝ።

«ከዚህ ሆኖ የፊተኛው ሰው ጀርባ ይታያል» አሉ በመጨረሻ። «የኔን ጀርባ ታይ ነበር ማለት ነው። ብቻዬን ነኝ አላለችም።»

ቃሬዛውን ስናወርድ አልቻልኩም። «አያ» አልኳቸው ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «አስፋልቱ ላይ ተሰምቶኝ ነበር። ማርሿ እንደሚያስቸግር አውቄ ነበር። ደክሞኝ ነው ዝም ያልኩት።»

ይቆጡኛል ብዬ ነበር። አልተቆጡም። ተነስተው ጋቢያቸውን አራገፉና፣ «ሙሉነህስ የሚሸጥ ሰው ነው። አንተ ግን ለእኛ ነበር የመጣኸው» አሉኝ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

መኪናዋ ስትቀዘቅዝ አቶ ሙሉነህ ራሱ ቁልቁል መልሶ ወሰዳት። እኔን ያን ሁሉ የቸኮልኩለት ሚኒባስ አመለጠኝ። ያደርኩት አያ አስረሴ ቤት ነው። የራሳቸውን መደብ ለቀቁልኝ፤ ስለ መኪናዋም ዳግመኛ አላነሱም። ቢያነሱ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ለሰው መኪና ማየት አልተውኩም። ግን ኮፈን ከመክፈቴ በፊት ዳገት አስወጣታለሁ። ሻጮች ነዝናዛ ይሉኛል፤ ይበሉ። ለአያ አስረሴ ዕድርም እስከ ባሕር ዳር ድረስ እየሄድኩ ሦስት መኪና አይቻለሁ። አንዷም አላለፈችም።

አያ በየሁለት ሳምንቱ ይደውሉልኛል።

«አገኘህልን ልጄ?»

«ገና ነኝ አያ።»

«ይሁን። እኛም ገና እየተሸከምን ነው። በርታ።»

ይህን ብለው ይዘጋሉ። እኔ ደግሞ ስልኩን እንደያዝኩ መኪና ሥር ጋደም ብዬ እቆያለሁ። ወገቤ ከአምናው ብሷል፤ ጉልበቴም እንደዚያው። ደክሞኛል የሚለውን ቃል ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ለእሳቸው ተናግሬ አላውቅም።