ከላይ ሣሩ፣ ከታች ድንጋዩ

ማክሰኞ ጠዋት ከዳንግላ ተነሣሁ። ምክንያቴን አልደብቅም። ታናሽ ወንድሜ ዳኘው በዘንገና ሐይቅ በኩል ካለው የአባታችን ገደል ጥቁር ድንጋይ እያስፈለጠ ግንብ ቤት ሠርቷል። ፊደል ያልቆጠረ ሰው! እኔ ያለ አስተማሪ፣ ከመጠቅለያ ወረቀት ላይ ማንበብ የተማርሁት፣ ለአገሩ ሁሉ ውል የጻፍሁት፣ በጭቃ ቤት አረጀሁ። እንቅልፍ ካጣሁ ሰንብቻለሁ።

አባታችን ሲሞቱ መሬቱን በዕጣ ስንካፈል ገደሉ የደረሰው ለእኔ ነበር። ኋላ በቃል ተለዋወጥን፤ እኔ ሜዳውን ያዝሁ፣ እሱ ገደሉን። ሜዳው ድንች ያበቅላል እንጂ ግንብ አይሠራም። የከርሰ ምድር ሀብት የመንግሥት መሆኑን አውቃለሁ፤ ከድንጋዩ የሚጠቀመው ግን ባለይዞታው ነው። በቃል የተደረገ ለውጥ ደግሞ መዝገብ ላይ አይገኝም። መዝገቡ ተገልጦ ገደሉ የእኔ መሆኑ እንዲታይልኝ ወደ እንጅባራ ወጣሁ።

አዲስ ቅዳም

ሚኒባሱ ከሰል ሊጭን ቆመ። አጠገቤ የተቀመጠችው ነጋዴ ማኅደሬን አየች።

«አባባ፣ ክስ ነው?»

«የድንጋዬን ባለቤት ፍለጋ ነው።»

«የእርስዎ ከሆነ ምን ፍለጋ ያሻዋል?»

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። ማኅደሬን ከጋቢዬ ሥር ከተትሁት።

እንጅባራ፣ አራት ሰዓት

እኛ ሽማግሌዎች ቆሰበር የምንላት ከተማ ጭጋግ ለብሳ ጠበቀችኝ። የመሬት ጽሕፈት ቤቱ መዝገብ ያዧ አቧራ የጠገበ ማኅደር አወጣች።

«ይኸው አባባ፣ መሬቱ ተለክቶ የይዞታ ደብተር ሲሰጥ የገባ የለውጥ ውል። እንዴት ያለ ውብ ጽሕፈት ነው! ማን ጽፎት ይሆን?»

መነጽሬን አደረግሁ። ገና ከፊደሉ አጣጣል አወቅሁት፤ የራሴው እጅ ነው። ስንቱን ውል ስጽፍ ይህን ዘንግቼው ኖሬአለሁ። ያኔ ዳኘው «በወረቀት ይሁንልኝ» ብሎ ለመነኝ፤ እኔም ድንጋይ ታቅፎ ሊቀር ነው ብዬ በሆዴ እየሳቅሁ፣ ዕውቀቴ እንዲታይ አሳምሬ ጻፍሁለት፦ «ከላይ ሣሩን፣ ከታች ድንጋዩን፣ እኔም ልጆቼም ላንጠይቅ ሰጥቻለሁ።» ሌላ ሰው ቢጽፈው «ገደሉን» ብሎ ባለፈው፣ ለድንጋዩም መከራከሪያ በተረፈኝ ነበር።

«እኔ ነኝ የጻፍሁት» አልኋት። ኩራቴ ከአፌ ቀደመኝ።

ዘንገና

ባጃጅ ይዤ ወደ ዳኘው ሄድሁ። ለምን እንደሄድሁ እኔም አላውቅም። የመዶሻው ድምፅ ከሩቅ ይሰማል።

«ጋሼ! እግዜር ነው ያመጣዎት» ብሎ አቅፎ ሳመኝና አንድ ወረቀት ዘረጋልኝ። «ድንጋይ ገዢዎቹ ፈርም ይሉኛል። ወንድሜ ሳያየው አልፈርምም ብዬ ሦስት ቀን አስጠበቅኋቸው።»

አነበብሁ። መሐል ላይ ይዞታውን ጠቅልሎ ለገዢዎቹ የሚያሳልፍ ቃል ተሰንቅሯል። ዝም ብል የሚያውቅብኝ አልነበረም። ቀና ብዬ ግንቡን አየሁት። ዳኘው አፌን አፌን ያያል።

«ይህን እንዳትፈርም» አልሁት። ብዕሬን አውጥቼ ሌላ ውል ጻፍሁለት፤ ከላይ ሣሩ፣ ከታች ድንጋዩ የዳኘው መሆኑን፣ ያንኑ የድሮውን ቃል ሳልቀንስ አስገባሁበት።

ሲመሽ ዳንግላ ገባሁ። ቅናቱ አልለቀቀኝም፤ ዛሬም ያ ግንብ በዓይኔ ላይ ይሄዳል። እኔ ከጻፍሁት ውል የሚያመልጥ ሰው የለም እያልሁ እፎክር ነበር። እውነቴን ነው፤ እኔም አላመለጥሁም።